በጎንደር ጥሩ በርገር ቤት እንዴት ይፈለጋል? ደረጃ በደረጃ

«ጎንደር ውስጥ ጥሩ በርገር የት አለ?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው ስም አያጣም። ይነገረዋል፤ ይሄዳል፤ የደረቀ ሥጋ በወፍራም ዳቦ መሐል ይቀርብለታል፤ ተናዶ ይመለሳል። በሳምንቱ ሌላ ሰው ያንኑ ቤት ሲያወድስ ይሰማል። ሁለቱም አልዋሹም። አንዱ የሄደው ሐሙስ በምሳ ሰዓት ነው፤ ሌላው ዓርብ ማታ።

ስለዚህ እዚህ የቤት ስም አልዘረዝርም። በርገር የሚሠራው ሰው ነው እንጂ ታፔላ አይደለም፤ ምግብ አብሳዩ ወደ ሌላ ቤት ከተዛወረ ስሙ በር ላይ ይቀራል፣ ጣዕሙ ግን አብሮት ይሄዳል። ከዚህ በታች ያለው የፍለጋው ቅደም ተከተል ነው። ደረጃዎቹን አትዝለሉ፤ በተለይ የመጀመሪያውን።

ደረጃ 1፦ ቀኑን ምረጡ

አብዛኛው ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ቤት ከመምረጣችሁ በፊት የቀን መቁጠሪያ ተመልከቱ።

ረቡዕና ዓርብ የክርስቲያን ሥጋ ቤቶች ሥራ ይፈታሉ። በእነዚህ ቀናት በክርስቲያን ምግብ ቤት የሥጋ በርገር ብታገኙ እንኳን፣ ሥጋው ቀደም ብሎ ተፈጭቶ ማቀዝቀዣ ውስጥ የቆየ የመሆኑ ዕድል ሰፊ ነው። እኔ የምመርጠው ሐሙስንና ቅዳሜን ነው። የጾም ቀን አልፎ ቄራው አዲስ ሥጋ ያወጣል፤ ምግብ ቤቱም ያዋለው ነገር የለውም። እሑድ ሥጋው ጥሩ ነው፤ ግን ቤቱ በሰው ስለሚጨናነቅ አብሳዩ ይቸኩላል። ለሙከራ አይመችም፤ ለመዝናናት ሂዱ።

ቀጥሎ ረጃጅሞቹን አጽዋማት ምልክት አድርጉባቸው፦

• ዐቢይ ጾም፣ 55 ቀን
• የነቢያት ጾም፣ ከኅዳር 15 እስከ ገና
• ፍልሰታ፣ ከነሐሴ 1 እስከ 15
• የሐዋርያት ጾም፣ ርዝመቱ በየዓመቱ የሚለያይ

በእነዚህ ወቅቶች የሙስሊም ምግብ ቤቶች ክፍት ስለሆኑ ፍለጋችሁን ወደዚያ አዙሩ። በረመዳን ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል፤ ቀን አትድከሙ፣ ከአፍጥር በኋላ ሂዱ።

ብዙ ሰው የሚረሳው አንድ ነገር አለ፦ ከፋሲካ በኋላ ባሉት 50 ቀናት ረቡዕና ዓርብ አይጾምም። በዓለ ሃምሳ ለበርገር ፈላጊ የዓመቱ ምርጥ ጊዜ ነው። ሳምንቱን ሙሉ ሥጋ ይዞራል፤ የሚያድር ነገር ይቀንሳል።

ማስጠንቀቂያ፦ በዓለ ሃምሳ ምርጥ ነው ስላችሁ በፋሲካ ማግስት አትሂዱ። እኔ ሄጃለሁ። ምግብ አብሳዩ ለበዓል ወደ ቤተሰቡ ሄዶ ነበር፤ በርገሩን የሠራው ሳህን የሚያጥበው ልጅ ነበር። ላዩ ከስሏል፣ ውስጡ ቀዝቅዟል። ልጁ ምንም አላጠፋም፤ ሁሉም ሰው ቤቱ ዶሮ በሚበላበት ቀን በርገር ያዘዝኩት እኔ ነኝ። ቢያንስ አንድ ሳምንት ጠብቁ።

የጥምቀት ሰሞንም እንዲሁ ነው። ጥር 10 ገሃድ ነው፤ ይጾማል። ጥር 11 እና 12 ከተማው በእንግዳ ይሞላል፤ ወጥ ቤቶቹ መቁጠር እስኪያቅታቸው ይታዘዛሉ። በእነዚያ ቀናት የበላችሁትን በርገር ለፍርድ አታቅርቡ፤ መጥፎም ሆነ ጥሩ።

ደረጃ 2፦ የምትይዙትን አዘጋጁ

1. አንድ ጓደኛ፣ ቢበዛ ሁለት። አንድ በርገር ለሁለት ተካፍላችሁ በአንድ ቀን ሁለት ቤት ማየት ትችላላችሁ። ከሁለት በላይ አትሞክሩ፤ ሦስተኛውን የምትቀምሱት በጠገበ ምላስ ነው።
2. ጥሬ ገንዘብ። በቴሌብር እከፍላለሁ ብላችሁ ኔትወርክ ሲጠፋ ገንዘብ ተቀባዩ ፊት ትቆማላችሁ።
3. ማስታወሻ ደብተር፣ ወይም ስልካችሁ። በሳምንቱ ሁሉም በርገር ተመሳሳይ መስሎ ይታወሳችኋል።
4. ባዶ ሳይሆን ቀለል ያለ ሆድ። በጣም የራበው ሰው ሁሉም ነገር ይጣፍጠዋል።

ደረጃ 3፦ ስም ከትክክለኛው ሰው ጠይቁ

በካርታ ላይ ያለውን ኮከብ ለመነሻ ያህል ብቻ ተመልከቱ። ኮከቡን የሰጠው ሰው ለእይታው ይሁን፣ ለሙዚቃው ይሁን፣ የባለቤቱ የአክስት ልጅ ስለሆነ ይሁን አይታወቅም።

ጥሩ መረጃ ያለው ምግብ ቤቱን የሚቀልቡት ሰዎች ዘንድ ነው።

ሀ. ሥጋ ሻጩ። በጠዋት ሂዱ፤ ገበያ ሳይሞቅበት። ግማሽ ኪሎ ብትገዙ ደግሞ ጨዋታው ይቀናል። አነጋገሩ ይህን ይመስላል፦

«ጋሼ፣ ከእርስዎ ለበርገር የሚፈጭ ሥጋ በየቀኑ የሚወስድ ቤት አለ?»
«አለ እንጂ።»
«ከየትኛው ብልት ነው የሚወስዱት?»

ሁለተኛው ጥያቄ ወርቅ ነው። «ወርችና ፍሪምባ፣ ጮማው ሳይወጣ» ከተባላችሁ የቤቱን ስም ጻፉ። «ርካሹን፣ የተረፈውን» ከተባላችሁም ጻፉ፤ እንዳትሄዱ። «ቀዩን ብቻ፣ ጮማ አይፈልጉም» ከተባላችሁ ደግሞ ተጠራጠሩ። ጮማ የሌለው ሥጋ ንጹሕ ይመስላል፤ መጥበሻ ላይ ግን እርጥበቱን ጥሎ ይደርቃል። የአገራችን በሬ አብዛኛውን ጊዜ ሣርና ገለባ በልቶ፣ አርሶም ጭምር ያደገ ስለሆነ ሥጋው ቀይና ጠንካራ ነው። ለበርገር ከአምስት እጅ አንድ እጅ ገደማ ጮማ ያስፈልገዋል። ይህን የሚያውቅ አብሳይ ጮማውን ለይቶ ገዝቶ ይቀላቅላል። ጎንደር ላይ የበላችኋቸው ደረቅ በርገሮች አብዛኞቹ የደረቁት በዚህ ምክንያት ነው፤ አብሳዩ ስለማይችል አይደለም።

ለ. ዳቦ ጋጋሪው። «የበርገር ዳቦ በየቀኑ የሚወስድ ማን ነው? በሁለት ቀን አንዴ የሚወስድስ?» ብላችሁ ጠይቁ። ከዚህ በላይ መጠየቅ አያስፈልግም።

ሐ. የባጃጅ ነጂው። እሱ ራሱ የት እንደሚበላ አትጠይቁት፤ ማታ ማታ ሰው ከየት ምግብ ይዞ እንደሚወጣ ጠይቁት። ሲደጋገም ያየውን ይነግራችኋል።

መ. ተማሪው። ዋጋ ያውቃል፤ የሥጋ መጠንም ያውቃል። ስለ ጣዕም የሚለውን ግን በግማሽ ቀንሱ፤ ከዩኒቨርሲቲው ካፌ ምግብ ጋር እያወዳደረ ነው።

ከአምስት እስከ ስምንት ስም ስታገኙ አቁሙ። ሁለት የተለያዩ ሰዎች የጠሩትን ቤት ወደ ላይ አውጡት።

ደረጃ 4፦ ሰፈር ለዩ

ፒያሳና የፋሲል ግቢ ዙሪያ፦ ካፌና ምግብ ቤት ተጠጋግቶ ስለሚገኝ ለመጀመሪያው ዙር ይሄ ይበቃል፤ አንዱ ቢያስከፋችሁ በእግር ወደ ሌላው ትሻገራላችሁ። ቱሪስት ላይ ያተኮሩ ቤቶች የምግብ ዝርዝራቸው ይረዝማል። ከሽሮ እስከ ፒዛ ሁሉም ያለበት ቤት በርገር የሚታዘዘው ስንት ጊዜ እንደሆነ ጠይቁ፤ በቀን ሁለት ከሆነ ሥጋው ይጠብቃችኋል ማለት ነው፤ መጠበቁ ደግሞ ለእሱ ጥሩ አይደለም።

ማራኪ ካምፓስና አጼ ቴዎድሮስ ካምፓስ አካባቢ፦ ደንበኛው ተማሪ ነው። ዋጋው ይቀንሳል፣ ሥጋው ይሳሳል፣ ግን ቶሎ ያልቃል። ቶሎ የሚያልቅ ሥጋ አያድርም፤ ስለዚህ እነዚህን ቤቶች አትናቁ። ተማሪ በዕረፍት ላይ ሲሆን ግን ያው ቤት ሌላ ቤት ነው።

ትልልቅ ሆቴሎች፦ ጄኔሬተርና ደህና ማቀዝቀዣ ይኖራቸዋል። መብራት በሚጠፋበት ሳምንት ምርጫችሁ እነሱ ይሁኑ። ዋጋውን ግን አስቀድማችሁ አስሉ (ደረጃ 6 ላይ አለ)።

አዘዞ፦ ከፒያሳ ለበርገር ብቻ ብላችሁ አትውረዱ። አውሮፕላን ልትቀበሉ ወይም ልትሸኙ ከሆነ በመንገዳችሁ ሞክሩ።

ደረጃ 5፦ ከመቀመጣችሁ በፊት ሁለት ደቂቃ

በር ላይ ቆማችሁ እነዚህን በቅደም ተከተል ተመልከቱ።

1. ሽታው። የተጠበሰ ሥጋና ሽንኩርት ከሸተታችሁ ግቡ። የከረመ ዘይት ከሸተታችሁ ተመለሱ፤ ይሉኝታ አይያዛችሁ፣ ገና አልተቀመጣችሁም።
2. ጠረጴዛዎቹ። ስንት ሰው በርገር እየበላ ነው? ሁሉም ሰው ሽሮ ከያዘ ያ ቤት የሽሮ ቤት ነው። ሽሮ እዘዙ፤ ምናልባት ከከተማው አንደኛ ሊሆን ይችላል።
3. ቺፕሱ። በሰው ሳህን ላይ ያለው ድንች ወርቃማ ከሆነ ዘይቱ ይቀየራል። ቡናማ፣ ልፍስፍስና የሚያብረቀርቅ ከሆነ ዘይቱ ሰንብቷል። ድንቹን ያልተንከባከበ ሰው ሥጋውን ይንከባከባል ብዬ አላምንም።
4. ሥጋው የማን እንደሆነ። የክርስቲያን ወይም የሙስሊም መሆኑ ለእናንተ ወይም ለጓደኛችሁ የሚያስጨንቅ ከሆነ አሁን ጠይቁ፤ ምግቡ ከቀረበ በኋላ አይደለም። «እህቴ፣ ሥጋው የማን ነው?» በቂ ነው። ጥያቄው በእኛ አገር የተለመደ ስለሆነ ማንም አይቀየምም፤ ግራ የሚገባው አስተናጋጅ ካጋጠማችሁ ግን መልሱን አትመኑት።

ደረጃ 6፦ ትእዛዙ

ይህን ደረጃ ቃል በቃል ተከተሉ።

ተራውን በርገር እዘዙ። «ስፔሻል» የተባለውን አትዘዙ። ስፔሻል ማለት ብዙ ጊዜ እንቁላል፣ ሞርታዴላና ቺዝ የተደራረበበት ማለት ነው፤ ከዚያ ሁሉ ሥር ያለው ሥጋ መጥፎ ይሁን ጥሩ ማንም አያውቅም። ቤቱ በተራው በርገር ካለፈ በሌላ ቀን ስፔሻሉን ትበላላችሁ።

ኬቻፑና ማዮኔዙ ለብቻ እንዲመጣ ጠይቁ። ሚጥሚጣም እንዲሁ። እኔ ሚጥሚጣ በርገር ላይ እወዳለሁ፤ ግን የመጀመሪያውን ጉርሻ ካለ ምንም ነው የምቀምሰው።

አራት ጥያቄ ጠይቁ፦
• ሥጋው ዛሬ የተፈጨ ነው?
• ዳቦው የዛሬ ነው?
• በረዶ የያዘ ነው ወይስ ትኩስ?
• ዋጋው ቫትን ይጨምራል?

የመጨረሻውን አትርሱ። ቫት 15 በመቶ ነው። የምግብ ዝርዝሩ ላይ 400 ብር የተጻፈ በርገር ቫት ሲታከልበት 460 ይሆናል፤ ቤቱ 10 በመቶ የአገልግሎት ክፍያ ጨምሮ በዚያ ላይ ቫት የሚያሰላ ከሆነ 506 ይደርሳል። ሁለት ቤቶችን በዋጋ የምታወዳድሩ ከሆነ የመጨረሻውን ቁጥር አወዳድሩ።

«በደንብ ይብሰል» በሉ። ክትፎ የምትወዱ እዚህ ላይ ትስቁብኛላችሁ፤ ሳቁ። ለብ ለብ በርገር ግን አትዘዙ። ያልተፈጨ ሥጋ ላይ ጀርሙ ያለው በአብዛኛው በላዩ ነው፤ እሳት ሲነካው ይሞታል። ሲፈጭ ግን የላዩ ወደ ውስጥ ይገባል። ስለዚህ የተፈጨ ሥጋ መሐሉ 71 ዲግሪ ሴንቲግሬድ መድረስ አለበት። ኮሶም ቢሆን በደንብ ባልበሰለ የበሬ ሥጋ ነው የሚመጣው። ማን፣ መቼና በምን መፍጫ እንደፈጨው በማታውቁት ሥጋ አትወራረዱ።

ትእዛዙ እንደተወሰደ ሰዓት ያዙ። ደህና ውፍረት ያለው ጥሬ ሥጋ በሁለቱም በኩል ለመብሰል አሥር ደቂቃ ገደማ ይፈልጋል፤ ዝግጅቱ ሲታከልበት አሥራ አምስት ወይም ሃያ። በአራት ደቂቃ ከመጣ አስቀድሞ ተጠብሶ የተቀመጠ ነው፤ የተሞቀ እንጂ የተሠራ አይደለም። አርባ ደቂቃ ከፈጀ ደግሞ ምናልባት ልጅ ወደ ሥጋ ቤት ተልኳል። ይሄኛው አያስከፋም፤ ትኩስ ሥጋ ይመጣል።

ደረጃ 7፦ ሲቀርብ፣ በዚህ ቅደም ተከተል

ፎቶ ካነሳችሁ በፍጥነት አንሡ፤ ዳቦው እየራሰ ነው።

1. የላይኛውን ዳቦ በአውራ ጣት ጫን አድርጉ። ተመልሶ ከተነሣ የዛሬ ነው። ጣታችሁ ያረፈበት ቦታ ጎድጉዶ ከቀረ ወይም ከተፈረፈረ የትናንት ነው።
2. ዳቦውን ገልብጡ። ውስጡ በመጥበሻው ላይ ቡናማ እስኪሆን ተነክቷል? ካልተነካ የሥጋው ጭማቂ ያረጥበዋል፤ ግማሹን ሳትበሉ ይበታተናል።
3. የሥጋውንና የዳቦውን ስፋት አወዳድሩ። ሥጋው ሲጠበስ ይሰበሰባል፤ የሚያውቅ አብሳይ ከዳቦው አስፍቶ ያዘጋጀዋል። ዳቦው ተርፎ ጫፉ ባዶውን ከሆነ ነጥብ ቀንሱ።
4. በቢላ ከመሐል ቁረጡ። መሐሉ ቀይ ወይም ቀዝቃዛ ከሆነ አትቅመሱት፤ ወደ ደረጃ 8 ሂዱ።
5. ሥጋውን ብቻ ቅመሱ። ፍርክስክስ ብሎ ጭማቂ ከለቀቀ ሥጋ ነው። እንደ ስፖንጅ የሚመለስና ከጫፍ እስከ ጫፍ አንድ ዓይነት ልስላሴ ያለው ከሆነ ደቃቅ ዳቦ በዝቶበታል። ትንሽ ዳቦ ወይም እንቁላል መቀላቀል ነውር አይደለም፤ ሥጋውን ማስረሳት ግን ነውር ነው።
6. አሁን ሙሉውን ጉረሱ፤ ኬቻፕም፣ ሚጥሚጣም፣ ቃሪያም እንደ ወደዳችሁ።

ነጥቡን ከሃያ ስጡ፦ ለሥጋው 10፣ ለዳቦው 5፣ ለሰላጣው፣ ለቲማቲሙና ለሽንኩርቱ 2፣ ለቺፕሱ 3። ለወንበሩ፣ ለእይታውና ለሙዚቃው ዜሮ። ነጥቡን እዚያው ተቀምጣችሁ ጻፉ።

ለጾመኛ፦ የጾም በርገር ከምስር፣ ከሽምብራ ወይም ከድንች ይሠራል፤ አንዳንዱ ግሩም ነው። ነገር ግን ሦስት ነገር አጣሩ፦ ዳቦው ወተት ወይም እንቁላል እንዳይኖርበት፣ ማዮኔዝ እንዳይቀባ (እንቁላል አለው)፣ መጥበሻውም ሥጋ የተጠበሰበት እንዳይሆን። «የጾም ነው» የሚለው ቃል ብቻውን እነዚህን አይመልስም።

ደረጃ 8፦ ነገር ሲበላሽ

ሥጋው ካልበሰለ፦ ሳትቆጡ መልሱ። «ወንድሜ፣ መሐሉ አልበሰለም፤ ደግመህ አብስልልኝ» በሉ። ተመልሶ ሲመጣ እንደገና ቁረጡ። የማያደርግ ወይም የሚያኮርፍ ቤት ፍርዱን በራሱ ሰጥቷል።

መብራት ከጠፋ፦ ያልተከፈተ ማቀዝቀዣ ቅዝቃዜውን ለአራት ሰዓት ያህል ይይዛል። የምግብ ቤት ማቀዝቀዣ ግን በየደቂቃው ይከፈታል። መብራቱ ከጠዋት ጀምሮ ከሌለና ጄኔሬተር ካልሰማችሁ በርገር ተዉ። ሻይ ጠጥታችሁ ውጡ።

«ሥጋ አልቋል» ከተባላችሁ፦ ደስ ይበላችሁ። ሥጋ የሚያልቅበት ቤት ሥጋ አያሳድርም። ስሙን አስምሩበትና በማግስቱ ቀደም ብላችሁ፣ ከቀኑ 6 ሰዓት በፊት ሂዱ። «ዶሮ እናድርግላችሁ?» ሲሏችሁ እሺ አትበሉ፤ የመጣችሁት ለሌላ ጉዳይ ነው።

ሒሳቡ ከተነገራችሁ ከበለጠ፦ በቅድሚያ ደረሰኙን ጠይቁ፤ ብዙውን ጊዜ ልዩነቱ ቫቱ ወይም የአገልግሎት ክፍያው ነው። ያላዘዛችሁት ካለበት በጣታችሁ አሳዩ፤ ድምፅ ማሳደግ አያስፈልግም።

ማታ ሆዳችሁ ከታመመ፦ ሕይወት አድን ንጥረ ነገር ማለትም ኦአርኤስ ከፋርማሲ ገዝታችሁ በንጹሕ ውኃ በጥብጣችሁ ጠጡ። ትኩሳት ወይም ደም ከታየ፣ ወይም በሽተኛው ሕፃን፣ ነፍሰ ጡር ወይም አረጋዊ ከሆነ ሳታሳድሩ ወደ ሆስፒታል ሂዱ። የበላችሁበትን ቤትና ሰዓት ለሐኪሙ ንገሩት።

ደረጃ 9፦ ሁለተኛው ጉብኝት

ከሃያ 14 እና ከዚያ በላይ ያገኙትን ቤቶች ብቻ ለዩ። ሦስት ከሆኑ ከተማው ደግ ሆኖላችኋል።

እነዚህን በሌላ ቀንና በሌላ ሰዓት ድገሙ። መጀመሪያ ሐሙስ በምሳ ሰዓት ከሄዳችሁ አሁን ማክሰኞ ማታ ከ1 ሰዓት በኋላ ሂዱ። ማክሰኞ ማታ የክፉ ቀን ፈተና ነው፤ ነገ ጾም ስለሆነ ቤቱ ያለውን ሥጋ ለመጨረስ ይፈልጋል፤ የጠዋቱ ዳቦም እየደረቀ ነው። በዚያ ሰዓት ነጥቡ ከሦስት በላይ ካልወረደ ቤቱን አምናችሁ እንግዳ ልትጋብዙበት ትችላላችሁ።

ሁለተኛው ጉብኝት ላይ አብሳዩን አመስግኑት፤ ስሙንም ጠይቁት። የምትጽፉት የእሱን ስም ነው። ከዚያ በኋላ በሄዳችሁ ቁጥር ከመቀመጣችሁ በፊት «ዛሬ ማን ነው ወጥ ቤት ያለው?» ብላችሁ ጠይቁ፤ «ለቋል» ከተባላችሁ ወዴት እንደሄደ አጣሩና ወደዚያው ሂዱ።